ወጣቱ ተጫዋች ይቆይ ወይስ ይሂድ? የጅዳና የመካ ደጋፊዎች የማያልቅ ክርክር

ከዒሻ ሶላት በኋላ ጅዳ እንደገና ነፍስ ትዘራለች። ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ያፈናት ሙቀት በቀይ ባሕር ነፋስ ትንሽ ይለዝባል፤ በከንደራና በባግዳዲያ ሰፈሮች ያሉ ሻይ ቤቶች ወንበሮቻቸውን ወደ ደጅ ያወጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ የሊጉን ጨዋታ ማሳየት ይጀምራል። በአንዱ ጠረጴዛ ጥቁርና ቢጫ መለያ የለበሱ የአል-ኢትሓድ ደጋፊዎች፣ በሌላው አረንጓዴና ነጭ የለበሱ የአል-አህሊ ደጋፊዎች ይቀመጣሉ። በመካከላቸውም ከሥራ የተመለሱ፣ ከሁለቱ አንዱን ክለብ እንደ ራሳቸው የያዙ አማርኛ ተናጋሪዎች አይታጡም።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከጨዋታው ውጤት ይነሣል፤ መድረሻው ግን አንድ ጥያቄ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ያ ወጣት መቼ ይጫወታል? በክለቡ ቆይቶ ከታላላቆቹ ይማር ወይስ ደቂቃ ወደሚያገኝበት ይሂድ? አንዱ ወገን ልጁን ገና ያልበሰለ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ሳይጫወት እንዴት ሊበስል ይችላል ብሎ ይሞግታል። ነገሩ የሻይ ቤት ጨዋታ ቢመስልም ከበስተጀርባው የአንድ ትውልድ ዕድል አለ። በጅዳና በመካ ሜዳዎች ኳስ የሚያባርሩ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች፣ ወላጆቻቸውም ጭምር፣ የዚህን ጥያቄ መልስ ይጠብቃሉ።

ሁለት ከተሞች፣ ሦስት ክለቦች

ጅዳ የሳዑዲ ዐረቢያ እግር ኳስ አንጋፋ ቤት ናት። አል-ኢትሓድ እ.ኤ.አ. በ1927፣ አል-አህሊ በ1937 ተመሠረቱ። ከጅዳ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቅድስት ከተማ መካ ደግሞ አል-ወሕዳ በ1945 ተቋቋመ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ከተሞች የእግር ኳስ ታሪክ የተሳሰረ ነው። ይህን ትስስር ከሚያሳዩት ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የሙሐመድ ኑር ስም ነው። ኑር በ1978 በመካ ተወልዶ በጅዳው አል-ኢትሓድ ነገሠ። በመሐል ሜዳ ቆሞ የጨዋታውን አካሄድ የሚወስን፣ መቼ መፍጠን መቼ መርጋት እንደሚገባ የሚያውቅ አቀናባሪ ነበር። በ2004 የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አል-ኢትሓድ የመጀመሪያውን ጨዋታ በጅዳ ላይ በሶንግናም 3 ለ 1 ተሸነፈ። ብዙዎች ዋንጫውን ለደቡብ ኮሪያው ክለብ አስረክበው ነበር። በመልሱ ጨዋታ ግን አል-ኢትሓድ በሶንግናም ሜዳ 5 ለ 0 አሸነፈ፤ ከአምስቱ ግቦች ሁለቱ የኑር ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ የአል-ዐይንን ቡድን በድምሩ 5 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ደገመ።

የዛሬዎቹ ጎልማሳ ደጋፊዎች ወጣቶችን የሚመዝኑት በዚህ ትዝታ ነው። አንድ አዲስ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ብቅ ባለ ቁጥር ሁለተኛው ኑር እርሱ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ገና ሃያ ዓመት ላልሞላው ልጅ በሃያ ስድስት ዓመቱ የእስያ ዋንጫ ያነሣ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይሰፋለታል።

የሳዑድ አብዱልሐሚድ መንገድ

በቆይታና በመሄድ መካከል ያለውን ክርክር ከማንም በላይ በሕይወቱ ያሳየው የጅዳ ልጅ ሳዑድ አብዱልሐሚድ ነው። ሳዑድ ጁላይ 18 ቀን 1999 በጅዳ ተወለደ፤ በአል-ኢትሓድ የወጣቶች ቡድን አደገ፤ የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኖም በዋናው ቡድን ቦታውን ያዘ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ወደ ሪያዱ አል-ሂላል ሲዛወር የጅዳ ደጋፊዎች አዘኑ፤ አንዳንዶቹም ተቆጡ። ኀዘኑን ያባባሰው በዚያው የውድድር ዘመን አል-ኢትሓድ የሊጉን ዋንጫ በሁለት ነጥብ ልዩነት ለዚሁ ለአል-ሂላል ማጣቱ ነበር።

ወሬው ብዙ ነበር። ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ በትልቁ ክለብ ውስጥ ይጠፋል የሚሉ ነበሩ። ጊዜ ግን ሌላ ፍርድ ሰጠ። ኖቬምበር 22 ቀን 2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ ሳዑዲ ዐረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሳዑድ በቀኝ መስመር ቋሚ ተሰላፊ ነበር። በ2023/24 አል-ሂላል አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ አባል ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው ፈተና መጣ። በኦገስት 2024 መጨረሻ አል-ሂላል ፖርቱጋላዊውን የመስመር ተከላካይ ዦዋዎ ካንሴሎን አስፈረመ። በእነዚያው ቀናት ሳዑድ ወደ ጣሊያኑ ሮማ ተዛወረ። የአንዱ መምጣትና የሌላው መሄድ ጎን ለጎን ሲታይ የሳዑዲ ሊግ ወጣቶች የገጠማቸውን ነገር በአንድ ሥዕል ያሳያል።

በሮም ሕይወት ቀላል አልሆነችም። ክለቡ በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት አሠልጣኞችን ቀያየረ፤ ዳኒኤሌ ዴ ሮሲ፣ ኢቫን ዩሪችና ክላውዲዮ ራኒዬሪ ተተካኩ። ለአዲስ መጤ ተጫዋች ይህ ማለት በየጥቂት ወሩ ራሱን ከዜሮ ማስተዋወቅ ነው። የጅዳ ሻይ ቤቶችም ተከፋፈሉ። ተመልሶ ይምጣ፣ እዚያ ተቀምጦ ምን ይሠራል ያሉ ነበሩ፤ ቢቀመጥም በየቀኑ ከማን ጋር እንደሚለማመድ አትርሱ ያሉም ነበሩ። ሳዑድ በጣሊያን ሴሪ አ የተጫወተ የመጀመሪያው ሳዑዲያዊ ሆነ። ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ሮማ በዩሮፓ ሊግ ብራጋን 3 ለ 0 ሲረታ አንዷን ግብ አስቆጠረ። በ2025 ደግሞ የበለጠ የመሰለፍ ዕድል ፍለጋ በውሰት ወደ ፈረንሳዩ ሌንስ አቀና።

ከዚህ ጉዞ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ሳዑድ የተዛወረው ሦስት ጊዜ ነው፤ በሦስቱም ጊዜ ፍርድ የተሰጠው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነበር። እርሱን ያቆመው ግን የሳምንታት ወሬ ሳይሆን ለዓመታት የተጠራቀመ የሜዳ ደቂቃ ነው።

ወንበሩ ለምን ጠበበ

የዛሬው ክርክር ከድሮው የሚለይበት ምክንያት አለ። በጁን 2023 የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ የአል-ኢትሓድ፣ የአል-አህሊ፣ የአል-ሂላልና የአል-ነስር ክለቦችን 75 በመቶ ድርሻ ወሰደ። በዚያው ዓመት ካሪም ቤንዜማና ንጎሎ ካንቴ ወደ አል-ኢትሓድ፣ ሪያድ ማሕረዝና ኤዱዋርድ ሜንዲ ወደ አል-አህሊ መጡ። ከ2024/25 ጀምሮም አንድ ክለብ 10 የውጭ ተጫዋቾችን እንዲያስመዘግብ ተፈቀደ፤ ከእነዚህም ሁለቱ በ2003 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለዱ ወጣቶች መሆን ነበረባቸው።

ውጤቱ በዋንጫ መደርደሪያው ላይ ይታያል። አል-ኢትሓድ በ2024/25 የሊጉን ሻምፒዮንነትና የንጉሡን ዋንጫ አንድ ላይ ወሰደ። አል-አህሊ ሜይ 3 ቀን 2025 በጅዳ ካዋሳኪ ፍሮንታሌን 2 ለ 0 ረትቶ የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ኢሊት ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ። በንጉሥ ዐብደላህ ስፖርት ከተማ ያ ምሽት የደስታ ምሽት ነበር። ሁለቱን ግቦች ያስቆጠሩት ብራዚላዊው ጋሌኖና አይቮሪኮስታዊው ፍራንክ ኬሲዬ ነበሩ።

ደስታው በጥያቄ የታጀበ ነበር። ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ማንቺኒ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ በነበረበት ጊዜ የሳዑዲ ተጫዋቾች በክለቦቻቸው በቂ ደቂቃ እንደማያገኙ በይፋ አማርሮ ነበር። ለዚህ የሚሰጠው መልስም ክብደት አለው። በየቀኑ ከቤንዜማና ከካንቴ ጋር ይለማመድ የነበረ ወጣት ከዚያ በፊት ማንም ያላገኘውን ትምህርት ቤት አግኝቶ ነበር። በልምምድ የሚታየው ፍጥነት፣ የአመጋገቡ ሥርዓት፣ ከጨዋታ በፊትና በኋላ የሚደረገው ጥንቃቄ ዋጋቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ዋና የሚማረው በመንዳት እንጂ ሾፌሩን አጠገብ ተቀምጦ በማየት ብቻ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም የእውነት ድርሻ አላቸው።

ወደ ውጭ መሄድ በራሱ መድኃኒት አለመሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል። በጃንዋሪ 2018 ዘጠኝ የሳዑዲ ተጫዋቾች በውሰት ወደ ስፔን ክለቦች ተላኩ። ከእነርሱ አንዱ የጅዳው ተወላጅ ፈሀድ አል-ሙወለድ ነበር። ፈሀድ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2017፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ በጅዳ ጃፓን ላይ ባስቆጠራት ብቸኛ ግብ ሳዑዲ ዐረቢያን ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ያሳለፈ አጥቂ ነው። በሌቫንቴ ግን ያገኘው ደቂቃ እጅግ ጥቂት ነበር፤ አብረውት የሄዱት አብዛኞቹም ወራቱን በተቀያሪ ወንበር አሳለፉ። በሪያድም ሆነ በቫሌንሲያ ወንበር ያው ወንበር ነው።

በአንጻሩ የአል-ኢትሓዱን የመስመር አጥቂ መርዋን አል-ሰሐፊን እንመልከት። በ2004 የተወለደው ይህ ወጣት በ2024 በውሰት የሄደው ወደ ቤልጂየሙ ቤርሾት ነው። ቤርሾት ስሙ ብዙ የማይጠራ፣ ላለመውረድ የሚታገል ክለብ ነበር፤ በመጨረሻም ወረደ። መርዋን ግን በዚያ ትግል ውስጥ ተጫወተ፤ በቀጣዩ ዓመትም በዚያው ከተማ የሚገኘው ትልቁ ሮያል አንትወርፕ ወሰደው። በጅዳ ስለ እርሱ የሚደረገው ክርክር አሁንም ትኩስ ነው። ወደ አል-ኢትሓድ ተመልሶ ቦታውን ይጠይቅ ወይስ በአውሮፓ ይቀጥል? ይህ ጸሐፊ ለመልሱ አንድ መለኪያ ብቻ ያቀርባል፤ በየትኛው ይሰለፋል?

የመካ ችግኝ ጣቢያ

ከጅዳ ወደ መካ ሲወጣ የክርክሩ መልክ ይለወጣል። በሸራእዕ ሰፈር በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ስፖርት ከተማ የሚጫወተው አል-ወሕዳ የጅዳ ክለቦች ያላቸው ሀብት የለውም። የእርሱ ሀብት ልጆቹ ናቸው። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የነበረው ተከላካይ ኡሳማ ሐውሳዊ ከአል-ወሕዳ ተነሥቶ ወደ አል-ሂላል፣ በ2012 ደግሞ ወደ ቤልጂየሙ አንደርሌክት ሄደ። በ2014 የእስያ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው አጥቂ ናስር አል-ሸምራኒም የመካ ልጅና የአል-ወሕዳ ፍሬ ነው።

የመካ ደጋፊ እንግዲህ የሚከራከረው ልጁ መቼ ይጫወታል ብሎ አይደለም፤ እዚህ ወጣቶች ይጫወታሉ። የእርሱ ሥጋት ልጁ መቼ ይወሰድብናል የሚል ነው። ችግኝ አፍልቶ ለሌላው ማሳ የሚሰጥ ገበሬ ደስታውም ቅሬታውም አንድ ላይ ነው። አል-ወሕዳ በ2024/25 መጨረሻ ከሊጉ ሲወርድ ያ ቅሬታ ወደ ኀዘን ተለወጠ።

ተስፋ ግን አልተቆረጠም። አል-አህሊ ራሱ በ2022 ወርዶ ነበር። በዓመቱ ተመለሰ፤ ከወረደ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የእስያ ሻምፒዮን ሆነ። ለመካ ወጣቶችም የታችኛው ሊግ ቅጣት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በታችኛው ሊግ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ መሰለፍ፣ ስሕተት ሠርቶ በሳምንቱ እንደገና መሰለፍ፣ በላይኛው ሊግ አምስት ደቂቃ ከመግባት የበለጠ የሚያስተምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለዚህ የጅዳው ተወላጅ ሳሊሕ አል-ሸህሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳሊሕ በአል-አህሊ የወጣቶች ቡድን አደገ፤ ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ወደ ፖርቱጋሉ ቤይራ-ማር ሄደ። ብዙዎች ትልቅ ነገር ጠበቁ፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ሆነ። ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በቡረይዳው አል-ራኢድ እንደ አዲስ ጀመረ፤ ከዚያ አል-ሂላል ደረሰ። አርጀንቲና ላይ የአቻነቷን ግብ በ48ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው እርሱ ነበር፤ ዕድሜው ያን ጊዜ 29 ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ አበቃለት ብሎ የፈረደ ሰው ካለ ሰባት ዓመት ቆይቶ ፍርዱን መልሷል።

ከአገር ቤት የመጣ ትምህርት

በሻይ ቤቱ ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን በዚህ ክርክር የሚያመጡት የራሳቸው ምሳሌ አላቸው። አቡበከር ናስር በ2020/21 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን አስቆጠረ። ዮርዳኖስ ዓባይ በ24 ግቦች ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሲሰብር ዕድሜው ገና 21 ነበር። በጃንዋሪ 2022 በካሜሩን የአፍሪካ ዋንጫ የዋልያዎቹን መለያ ለበሰ፤ በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ።

ያኔ በአዲስ አበባም በጅዳም አንድ ዓይነት ክርክር ነበር። በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት ክለቦች በአንዱ ይሰለፍ ይሆን? ቀጥታ ወደ አውሮፓ ቢሄድ አይሻልም ነበር? ክርክሩን ያቋረጠው ማንም ያልገመተው ነገር ነበር። ከባድ የጉልበት ጉዳት ደረሰበትና ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። ተሰጥኦውን የሚጠራጠር አልነበረም፤ የሰው አካል ግን የራሱ ቀጠሮ አለው። ስለ ወጣት ተጫዋች ተስፋ ስንናገር ቃላችንን ኢንሻአላህ በሚለው የምንቋጨው በከንቱ አይደለም።

ደጋፊው ምን ይመዝን፣ ወላጅስ?

በጅዳና በመካ ልጆቻቸውን ወደ ሜዳ የሚልኩ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። ደንቡ «መዋሊድ» ለሚባሉት፣ ማለትም በሳዑዲ ምድር ለተወለዱ የውጭ ዜጎች ልጆች፣ በክለቦች የመመዝገብ በር ከፍቷል። በር ሲከፈት ግን ወንፊት ያስፈልጋል። ከላይ ያየናቸው ተጫዋቾች ሕይወት ጥቂት ነገሮችን ያስተምራል።

መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የክለቡ ስም ትልቅነት አይደለም፤ በልጁ ቦታ ላይ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ነው። የካንሴሎ መምጣት ለአጥቂ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለቀኝ ተከላካይ ግን ሁሉ ነገር ነው። ሁለተኛው አሠልጣኙ ነው። ልጁን የፈለገው አሠልጣኝ በወራት ውስጥ ሊሰናበት ይችላልና ክለቡ ራሱ ለወጣቶች ያለው ልማድ መጠናት አለበት። ሦስተኛው አካል ነው። በማደግ ላይ ያለን ጉልበት ያለ እረፍት ማስጨነቅ ነገን ዛሬ መብላት ነው።

አራተኛው ለወላጆች እጅግ አስፈላጊ ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር የፊፋ ደንብ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅዎን ወደ አውሮፓ ክለብ ላስገባልዎ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ ከመደሰት በፊት መጠራጠር ይገባል። ትምህርትም አይቋረጥ። ከመቶ ልጅ ለዋናው ቡድን የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ለቀሩት መጽሐፋቸው ይቆያቸዋል።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። አንድ የተሳሳተ ኳስ አይቶ ይህ ልጅ አይረባም ማለት፣ አንዲት ግብ አይቶ አዲሱ ኑር መጣ ማለት፣ ሁለቱም ከአንድ ጥድፊያ የሚወጡ ናቸው። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል፤ ለኳስ ተጫዋችም ይሠራል። ሰብር ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ልጁ ሜዳ ላይ ይውጣ ብሎ መጠየቅ፣ ከወጣ በኋላም እንዲሳሳት መፍቀድ ነው።

ሳዑዲ ዐረቢያ በ2027 የእስያን ዋንጫ፣ በ2034 ደግሞ የዓለም ዋንጫን ታስተናግዳለች። በ2034 ዕድሜያቸው ሃያ አራት የሚሆን ተጫዋቾች ከኋላ ሲቆጠር በ2010 የተወለዱ ናቸው። ዛሬ በመካ ሸራእዕ ሜዳ ላይ፣ በጅዳም ሰፈሮች መካከል በአስፋልት ዳር ባለ ባዶ መሬት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጫማቸውን ግብ አድርገው ይጫወታሉ። ከእነርሱ የትኛው እንደሚደርስ አላህ ያውቃል። ሻይ ቤቱ እስኪዘጋ የሚከራከሩት ሰዎች ግን ቢያንስ በአንድ ነገር መስማማት ይችላሉ፤ ልጁ ይቆይም ይሂድ፣ ኳስ እግሩ ሥር ትሁን።